ከነሠራዊቴ ደህና ነኝ

ልብስ ለማጠብ ምድር ቤት የምትወርዱ ሁሉ ይህን አንብቡልኝ። ላስፈራራችሁ ብዬ አይደለም፤ እኔ የዚያን ቀን የፈራሁት ለሁላችንም ይበቃል።

አስቀድሜ ያኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ስሜ ትርሲት ነው። ፍራንክፈርት በልጅነቴ ገብቼ እዚሁ ሸበትኩ። ዚንድሊንገን አጠገብ ባለ የኬሚካል ፋብሪካ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ እሠራለሁ። ቆዳ የሚልጥ አሲድ ስቀዳ ውዬ እጄ የማይንቀጠቀጥ ሴት ነበርኩ። ባል ፈትቻለሁ፣ ሰው ሁሉ ተስፋ የቆረጠበትን በሽታ ታምሜ ተነሥቻለሁ፣ የጀርመን መሥሪያ ቤቶችንም በየመስኮቱ ተከራክሬ ረትቻለሁ። ሰዎች «ትርሲት መቼ ፈርታ ታውቃለች» ሲሉኝ ውስጥ ውስጡን ደስ ይለኝ ነበር። ትዕግሥት ግን አልፈጠረብኝም። የአገሬ ሰው ደውሎ ደህና ነሽ ወይ፣ ጤናሽ እንዴት ነው፣ ሥራው እንዴት ይዞሻል እያለ ሲያዞረኝ አንጀቴ ይቃጠላል። «እህ፣ ጉዳይህን ተናገር» ብዬ ቁርጥ ነው።

የምኖረው ሮደልሃይም ነው፤ ከባቡር ጣቢያው ብዙም በማይርቅ፣ ደረጃው በሚንቋቋ አሮጌ ፎቅ ቤት። ከእኔ በላይ ጋሽ ደምሴና ልጃቸው ሄለን ነበሩ። ጋሽ ደምሴ በወጣትነታቸው፣ በንጉሡ ዘመን፣ ቤተ መንግሥት ውስጥ ደብዳቤ ገልባጭ ነበሩ። አብዮቱ ሲፈነዳ በዚሁ ሥራቸው ታሰሩ። ሲፈቱ በሱዳን በኩል ወጥተው እዚህ ገቡና ጡረታ እስኪወጡ ድረስ መጋዘን ሲሠሩ ኖሩ።

ጡረታ ከወጡ በኋላ ግን ሐሳባቸው ሁሉ ወደ አንድ ነገር ተመለሰ። ጎንደር ላይ የነገሡት ነገሥታት ወደ ባሕር ማዶ ነገሥታት፣ መሳፍንቱም እርስ በርሳቸው ሲጻጻፉ፣ ማን ማንን ምን ብሎ እንደሚጠራ ያጠኑ ነበር። እኔ አማርኛ መተየብ ስለምችል ማታ ማታ ወደ ላይ እየወጣሁ እሳቸው ሲናገሩ እጽፍላቸው ነበር።

«ስሚ ትርሲት» ይሉኛል መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው። «ከላይ ያለው የራሱን ስም ያስቀድማል። ከታች ያለው የተቀባዩን። እኩዮች ሲሆኑ ግን ጉድ ነው፤ ጸሐፊው ላብ ያጠምቀዋል። ከዚያ ሰላምታ ይገባል። ከዚያ የራስን ደኅንነት መንገር። ጉዳይ የሚመጣው መጨረሻ ነው።»

«ጠላት ድንበር ላይ ቆሞበት እንኳ?»

«ግማሽ ሠራዊቱ አልቆበትም ቢሆን ‹እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ከነሠራዊቴ ደህና ነኝ› ይላል። ውሸት እንዳይመስልሽ። አትፍራኝ፣ ልጎዳህ አልመጣሁም ማለት ነው። ሰላምታ ሳያስቀድም ጉዳዩን የሚናገር ሰው ወይ ጦር ይዟል፣ ወይ አሳዳጊ የበደለው ነው።»

«በሉ እኔም አሳዳጊ የበደለኝ ነኝ» ስላቸው እስኪያስላቸው ሳቁ።

ከዚያ ማስታወሳቸው እየሳሳ መጣ። መጀመሪያ ዕቃ ያኖሩበት ጠፋባቸው፣ ቀጥሎ ቀኑ፣ ቀጥሎ የእኔ ስም። ክፍት በር ማየት አልወድ አሉ፤ ካዩ ይቆልፋሉ። ሄለን የቤቱን ቁልፎች ሁሉ ደብቃ ነበር። የምድር ቤቱን ማንም አላሰበውም።

የበጋ ዕረፍት ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ ወይ አገር ጥሎ ሄዷል፣ ወይ ሥራ ነው። ከፋብሪካ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ሄለን ደወለች።

«ትርሲትዬ፣ ቢተ፣ እባክሽ፣ ኒደርራድ ቴርሚን፣ ቀጠሮ አለኝ፣ የግድ ቢሮ መግባት አለብኝ። አስታማሚዋ፣ ፍሌገሪኗ ደግሞ ክራንክ ነኝ፣ አሞኛል ብላ ቀረች። አባዬን ታይልኛለሽ?»

«የጠዋት ፈረቃ፣ ፍሩሽሽት ነበርኩ፣ ገብቻለሁ። ሂጂ፣ ሂጂ።»

ወጥቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ጋሽ ደምሴ መስኮቱ ሥር ባለው ወንበራቸው ላይ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ቀኑ የሚያፍን ሙቀት ነበረው፤ በታውኑስ ተራራ በኩል ሰማዩ እንደ ከሰል ጠቁሯል። ጠዋት ማሽን ውስጥ የከተትኩት ልብስ ትዝ አለኝ። አውጥቼ ሌላውን ከትቼ ቶሎ እመለሳለሁ ብዬ ቅርጫቴን ይዤ ወረድኩ።

የልብስ ማጠቢያው ክፍል ከምድር ቤቱ መተላለፊያ አንድ ደረጃ ዝቅ ይላል። በሩ ብረት ነው፤ የሚከፈተው ወደ ውስጥ ነው፤ ቁልፉም ሁልጊዜ በውጭ በኩል ተሰክቶ ይውላል። መስኮቱ ጣራው ሥር ያለች፣ ፍርግርግ የተገጠመባት ጠባብ ቀዳዳ ናት። ሁለተኛውን ልብስ ከትቼ ማሽኑን ሳስነሣው ነጎድጓዱ ወረደ። ቤቱ ሁሉ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ዝናቡ መጣ። ዝናብ ልበለው እንጂ ሰማዩ የተገለበጠ ነበር የሚመስለው።

በዝናቡ መሐል ደረጃው ላይ የነጠላ ጫማ ኮቴ ሰማሁ። ነጎድጓዱ ቀስቅሷቸዋል ማለት ነው።

«ጋሽ ደምሴ? መጣሁ፣ እዚያው ይጠብቁኝ!» አልኩ ከማሽኑ ጩኸት በላይ።

በሩ ተሳበ፣ ተዘጋ። ቁልፉ ዞረ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሳቅሁ። «ኧረ ቆለፉብኝ እኮ! እኔ ነኝ፣ ትርሲት!» ሳል ሰማሁ፤ የእሳቸው ደረቅ ሳል፣ ከበሩ ወዲያ ደረጃው ላይ። አሉ ማለት ነው። ትንሽ ቆይተው ይከፍታሉ ብዬ እርጥቡን ልብስ ማጣጠፍ ጀመርኩ።

መሬቱ ላይ ያለው የፍሳሽ ቀዳዳ እንደሚጉመጠመጥ ሰው አንጎራጎረና ጥቁር ውሃ ተፋ። ይቺስ ምን አላት ብዬ በእግሬ ወደ ጎን ገፋሁት። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል ሰምቼ የማላውቅ ይመስል! ጫማዬን አልፎ ቁርጭምጭሚቴን ሲይዘኝ መስኮቱን አየሁ። በፍርግርጉ በኩል እንደ ቧንቧ ይንዶለዶላል።

ስልኬን አወጣሁ። ኔትወርክ የለም። ምድር ቤቱ ውስጥ መቼ ኖሮ ያውቃል? የልብስ ማጣጠፊያው ጠረጴዛ ላይ ወጥቼ ወደ መስኮቱ ዘረጋሁት፤ የለም። ጮኽኩ፤ ድምፄን ዝናቡ ዋጠው።

ያን ጊዜ ነው ፍርሃት የገባኝ። ቀስ ብሎ አልመጣም፤ ከእግሬ እስከ ጸጉሬ አንድ ጊዜ ነው የያዘኝ። ውሃና ኤሌክትሪክ አብረው ምን እንደሚሠሩ ሥራዬ ነውና አውቃለሁ። ሦስት ማሽኖች ግድግዳው ላይ ተሰክተዋል፤ ሶኬቶቹ ከጉልበቴ ትንሽ ከፍ ብለው ነው ያሉት። ሌላም አውቃለሁ። በሩ ወደ እኔ ነው የሚከፈተው። ውሃው ከፍ ባለ ቁጥር በሩን ወደ ውጭ ይጫነዋል። ትንሽ ከቆየ ቁልፉ ቢዞር እንኳ ስቤ መክፈት አልችልም።

በሩን በሁለት እጄ ደበደብኩት።

«ጋሽ ደምሴ! ይክፈቱልኝ! ውሃ ነው! ቁልፉን ያዙሩት!»

ቅርጫቱን ጥዬ የብረት ባልዲ አነሣሁና በባልዲው ደበደብኩት። ብረት በብረት ሲመታ ጆሮ ያደነቁራል። እጄ ተላጠ። ከዚያ አእምሮዬ ከእኔ ሸሸ። አንቱታው፣ ጋሼው፣ ሁሉም ነገር ጠፋኝና በሕይወቴ ጠርቻቸው በማላውቀው አጠራር ጮኽኩ።

«ደምሴ በላቸው! ደምሴ በላቸው! ክፈት!»

ደረጃው ላይ አንድ ነገር ተንኮሻኮሸ። ከዚያ የእሳቸውን ድምፅ ሰማሁ። ቀጭን፣ የልጅ የሚመስል ድምፅ።

«እዚህ የለም።»

«ምን?»

«ደምሴ የሚባል እዚህ የለም። ትናንት ወስዳችሁታል።»

ባልዲው ከእጄ ወደቀ።

አንድ ማታ ስጽፍላቸው የነገሩኝ ትዝ አለኝ። እስር ቤት ሳሉ ነው። ወታደሮቹ ሲመጡ የክፍሉን የብረት በር በሰደፍ ይደበድባሉ፤ ከዚያ ስም ይጠራሉ። አቶ የለም፣ ሰላምታ የለም፣ የራስና የአባት ስም ብቻ። የተጠራ ይወጣል፤ የወጣ አይመለስም። ጋሽ ደምሴ ይህን ሲነግሩኝ ወዲያው «ጻፊ፣ የት ነበርን?» ብለው ወደ ነገሥታቱ ተመለሱ፤ እኔም ሌላ አልጠየቅኳቸውም።

እንግዲህ ያ በር ዛሬ ተደብድቧል። ደብዳቢዋ እኔ ነኝ። እሳቸው ከበሩ ወዲያ ሆነው ሊገደሉ ነው፤ እኔ ከበሩ ወዲህ ሆኜ ልሞት ነው።

«ጋሽ ደምሴ፣ ወታደር የለም፣ እኔ ነኝ…» አልኩ ለስላሳ ለመሆን እየሞከርኩ። ነጠላ ጫማቸው አንድ ደረጃ ወጣ። «እባክዎ አይሂዱ!» አንድ ደረጃ ደግሞ ወጣ። እሳቸው ወጥተው ቤታቸውን ከዘጉ ሄለን እስክትመጣ የሚያገኘኝ የለም። ይህን ሳስብ መብራቱ ድርግም አለ። ማሽኖቹ ቆሙ። ውሃው ጉልበቴ ደርሶ ነበር። ጨለማው ውስጥ የእናቴን ስም ጠርቼ አለቀስኩ፤ አላፍርበትም።

እንዴት እንደመጣልኝ አላውቅም። ጭንቅ ነው ያመጣው። አፌን ወደ በሩ አስጠግቼ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ እሳቸው ሲናገሩ እጽፈው በነበረው ዓይነት ጀመርኩ።

«ይድረስ… ለተከበሩ ለአቶ ደምሴ በላቸው። የተላከ ከትርሲት።»

ኮቴው ቆመ።

«እንዴት ሰነበቱ?»

እዚህ ላይ ነው መከራው። መጠበቅ አለብኝ። እኔ፣ በስልክ ሰላምታ ሲረዝምብኝ የምዘጋ ሴት፣ ውሃ ጉልበቴን አልፎ እየወጣ ሳለ ዝም ብዬ መልስ መጠበቅ አለብኝ። አንድ ነገር ተንሳፍፎ እግሬን ነካኝ፤ አፌን በእጄ አፈንኩት። ብጮህ አለቀልኝ።

መልስ የለም። ጸሎት እንደሚደግም ሰው ቀጠልኩ።

«እኔ እግዚአብሔር ይመስገን…» እንደገና ጀመርኩት። «እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከነሠራዊቴ ደህና ነኝ።»

ሠራዊቴ አንድ ቅርጫት ልብስ ነበር፤ እሱም ሰምጧል።

«እኛም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን» አለ ከደረጃው ላይ ድምፃቸው። የልጅ ድምፅ አልነበረም። ማታ ማታ የማውቀው፣ የጸሐፊው ድምፅ ነበር።

ተጣድፌ «በሩን…» ስል አቋረጡኝ።

«ቆዪ እንጂ። አገሩ ሰላም ነው?»

«ሰላም ነው።»

«ዝናቡስ? ክረምቱ እንዴት ገባላችሁ?»

በሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ እሞት ነበር። «ዝናቡ… በርትቶብናል ጋሼ። በጣም በርትቶብናል።»

«ጥጋብ ነው» አሉ ረክተው። «እህሉ ያምራል።»

ውሃው ጭኔን ነክቷል። የበሩን እጀታ በሁለት እጄ ይዤ ግንባሬን ብረቱ ላይ ደገፍኩ። አሁን ጉዳዩ። አንድ ቃል ብስት ወደ ላይ ይሄዳሉ። ይክፈቱ ልል አልችልም፤ ክፈት የሚል አዛዥ ነው። ጌታ ደጃፍ ላይ የቆመ ሰው ምን ይላል ብዬ አሰብኩ።

«ጉዳዬ አንድ ነው» አልኩ። «ደጅ ልጠና መጥቻለሁ። ከደጅዎ ቆሜያለሁ። ፈቃድዎ ቢሆን ደጁን ያስከፍቱልኝ።»

«ብቻሽን ነሽ?»

«ብቻዬን ነኝ።»

«መሣሪያ የያዘ ሰው አብሮሽ የለም?»

«የለም ጋሼ። አንድም ሰው የለም።»

እስኪወስኑ ድረስ ያልተሳልኩት ስለት የለም። ከዚያ ነጠላ ጫማው አንድ ደረጃ ወረደ። ሌላ ወረደ። ትንፋሻቸውን በብረቱ ማዶ ሰማሁት። «ደጅ የጠና አይመለስም» አሉ ለራሳቸው፣ ቁልፉም ዞረ።

እጀታውን ተጭኜ ሳብኩ። በሩ ንቅንቅ አላለም። የፈሩት ይደርሳል ይሉት ይኸው ነው። እግሬን ግድግዳው ላይ ተክዬ ሳብኩ፤ አሁንም እንቢ።

«ጋሼ፣ ደጁ ከብዶኛል። በትከሻዎ ይርዱኝ።»

«እኔ ሽማግሌ ነኝ» አሉ። ግን ገፉ። ያ ቀጭን፣ እንደ ቄጠማ የሚታጠፍ ሰውነታቸው በሩን ሲመታ ተሰማኝ። ሳብኩ፤ ገፉ። አንድ ጣት ያህል ተከፈተ፤ ውሃው በስንጥቁ ወደ እሳቸው ዘለለ። «ወንዝ ነው!» ብለው ጮኹ፤ ግን መግፋታቸውን አልተዉም። ከዚያ በሩ በአንድ ጊዜ ተለቀቀና እኔ ውሃው ውስጥ ወደ ኋላዬ ተዘረርኩ። ተነሥቼ ስንደፋደፍ እጃቸው ፊቴ ላይ ነበር። ያዝኳት፣ ወደ መተላለፊያው ወጣሁ፣ ተያይዘን ደረጃውን ወጣን፣ የቤቱ መግቢያ ጋ ስንደርስ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። እሳቸውም አጠገቤ ተቀመጡ።

«ስሜን ጠርተው ነበር» አሉ በሹክሹክታ።

«ሄደዋል ጋሼ።»

«ማንን ወሰዱ?»

«ማንንም አልወሰዱም።»

ያመኑኝ አይመስለኝም። ቀጥለው ዓይናቸው ከጸጉሬ ወደ ቀሚሴ ወረደና «ታዲያ አንቺን ምን አራሰሽ?» አሉኝ። ያን ጊዜ ትከሻቸው ላይ ተደፍቼ ያለ ኀፍረት አነባሁ፤ እሳቸውም ማን መሆኔን ሳያውቁ ጀርባዬን መታ መታ ያደርጉ ነበር።

ሄለን መጥታ እንደዚያው ተቀምጠን አገኘችን። የእሳት አደጋ ሰዎች ውሃውን በፓምፕ ሲያወጡት አመሹ። አንደኛው በሩን አይቶ፣ ውሃውን ለክቶ፣ «ግሉክ ገሃብት» አለኝ፤ ዕድለኛ ነሽ ማለቱ ነው። ምን ብዬ አስረዳዋለሁ? አዎ ብዬ ተውኩት።

እንግዲህ ያ ቀን ምን ለወጠብኝ? ደፋር የሚለው ስም ቀርቶብኛል፤ ምድር ቤት አልወርድም፣ ልብሴን ከውጭ ነው የማሳጥበው፣ ዝናብ ሲበረታ ልቤ ትመታለች። ይኼ አንድ ነገር ነው። ሌላው ግን ይከብዳል። በር በደበደብኩበት ሰዓት እኔን የሚያስፈራኝ ውሃው ብቻ ይመስለኝ ነበር። እኔው ራሴ ለአንድ ሽማግሌ ያ ሁሉ ሞት ሆኜ በሩ ላይ መቆሜን አላወቅሁም። እናንተ የምታነቡኝ፣ የማይከፍት ሰው ሲገጥማችሁ ምን እንዳስታወሳችሁት አታውቁምና ቀስ በሉ። ሰላምታ አሁንም ያሰለቸኛል፤ ተፈጥሮ ነው። ግን ጥርሴን ነክሼ እስከ መጨረሻው እሰማለሁ።

ጋሽ ደምሴ አሁን የአረጋውያን መጦሪያ ገብተዋል። ሄለን ብቻዋን አልቻለችም፤ አልፈርድባትም። እዚያ ሠራተኞቹ ቸኩለው በር ይመታሉ፣ ስም ይጠራሉ፣ ይገባሉ። ጋሽ ደምሴ አልጋው ሥር ተደብቀው የተገኙበት ቀን ነበር። ሰላምታ እንዲያስቀድሙ እየሄድኩ አስረዳኋቸው። አብዛኞቹ ራሳቸውን ነቅንቀው ረሱት። ማግዳ የምትባል አንዲት ፖላንዳዊት ግን ቃሉን ንገሪኝ አለችኝ፤ እጇ ጀርባ ላይ በላቲን ፊደል ጻፈችው።

ባለፈው ስሄድ ማግዳ በራቸው ፊት ቆማ አገኘኋት። አልመታችም። መድኃኒቱን በአንድ እጇ ይዛ፣ ሌላ እጇን እያየች፣ በዚያ በሚንከባለል አነጋገሯ «እንዴት ሴኔቤቱ» አለች። ከዚያ መልሳቸውን ጠበቀች። እኔ መተላለፊያው ጫፍ ላይ ቆሜ ያ የምድር ቤቱ ውሃ እንደገና ጉልበቴን ያለፈ መሰለኝ። ማግዳ ግን አልተንቀሳቀሰችም።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ ጋሽ ደምሴ። «ይግቡ።»

እሷ ገባች። እኔ ያ ውሃ እስኪጎድልልኝ ውጭ ቆየሁ።